ከበላ ልበልሃ እስከ ይርጋ

አበው ስለ ቃልና ስለ ጽሑፍ ያቆዩልን ሁለት ተረቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንደኛው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። የመጀመሪያው የሰውን ክብር ሁሉ በአንደበቱ ላይ ያኖራል። ሁለተኛው ግን አንደበትን አያምንም፤ ወረቀት አምጣ ይላል። እኔ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይና በንግድ ክርክር ጠበቃ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ቢሮዬ ከመጡት ባለጉዳዮች የሚበዙት በመጀመሪያው ተረት ሲኖሩ ቆይተው፣ የክርክሩ ቀን ሲደርስ በሁለተኛው ተረት የተዳኙ ሰዎች ናቸው።

ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ ነገር አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩም የጠበቃ ሙያ በአገራችን ከአንደበት ወደ ወረቀት ያደረገው ጉዞ ነው። አንባቢያን ለደመወዝ የምትሠሩ ወይም በዱቤ የምትነግዱ ከሆነ፣ ጉዞው እናንተንም ይመለከታል።

አንደበት በነገሠበት ዘመን

ስለ በላ ልበልሃ ሙግት ከአያቱ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሳሽና ተከሳሽ ሸማቸውን እንደ ሥርዓቱ አጣፍተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ «በላ ልበልሃ!» ሲል ሌላው ይመልሳል፤ ግጥሙ፣ ተረቱና ሽሙጡ ይወርዳል። ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳሉ፤ ዋስ ይጠራሉ። ዳኛ በቅርብ ካልተገኘም መንገደኛን አስቁሞ «ዳኘን» ማለት የተለመደ ነበር። ሕዝቡ ከብቦ ይሰማል፤ ማን እንደ ረታ ሲያወራ ይሰነብታል።

በዚያ ሥርዓት የተሟጋች መሣሪያው አንደበቱ ነበር። አንደበት ያልታደለው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ይወክላል። የሙያችን ሥር ከዚህ ላይ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሕግ ሠራተኛውን ስንጠራበት የኖርነው «ነገረ ፈጅ» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን የሚፈጅ፣ ማለትም ጨርሶ የሚመለስ ሰው ማለት ነው። «ጠበቃ»ም ከመጠበቅ የመጣ ነው።

የዕዳ ክርክርም የራሱ ወግ ነበረው። ባለዕዳው መክፈል ካቃተውና ዋስ ካጣ ከባለገንዘቡ ጋር በሸማ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቋጠር ነበር፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሥርዓቱ ቢጠፋም ቃሉ ቀርቶልናል፤ ሰው ሲታመም «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ልብ በሉ፤ የዕዳው ማስረጃ ሰነድ አልነበረም። ማስረጃው ሁሉም የሚያየው የታሰረ ሰው ነበር።

ለመሆኑ ሠራተኛውስ? በዚያ ዘመን ችሎት «ሠራተኛ» የሚባል ባለጉዳይ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አሽከር ነበር፣ ሎሌ ነበር፣ ገረድ ነበረች። የሚያገኙት ቀለብና ልብስ፣ ጌታው ደስ ሲለው ደግሞ ሽልማት ነው። ቅሬታ ቢኖር በአማላጅ ይነገራል፤ የጌታው ወዳጅ ወይም የነፍስ አባቱ ገብቶ «ይቅር በሉት» ይላል። ይህን አማላጅ አንባቢያን እንዳትረሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ነጋድራስ፣ ቆንሲልና ሰነድ

ንግዱ ከሥራው ቀድሞ ወደ ወረቀት ገባ። በገበያና በኬላ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ጠብ የሚዳኘው ነጋድራሱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የንግዱን ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰጡ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያዊና የፈረንሳይ ዜጋ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንሲሉ ጋር ተቀምጦ ያያል፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነበር። ሌሎችም የውጭ መንግሥታት በዚሁ መብት ተጠቀሙ። በአዲስ አበባ «ልዩ ፍርድ ቤት» የሚባለው ችሎት የተመሠረተው በዚህ ውል ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ቆዳና ቡና ለውጭ አገር ንግድ ቤት ያስረከበ የአዲስ አበባ ነጋዴ ገንዘቡን ቢከለከል፣ በገዛ ከተማው በሰው አገር ሕግ ሊሟገት ነው። እዚያ ችሎት ፊት ቅኔ ምንም አያደርግለትም። የሚጠየቀው ደረሰኝ፣ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ነው። ዛሬ የንግድ ጠበቃ የምንለው ሰው መልኩ መታየት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቋንቋ ያውቃል፣ ሰነድ ያነባል፣ መዝገብ ያገላብጣል።

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሌላ ዓይነት መዝገብ ይዞ መጣ፤ የደመወዝ መዝገብ። በየወሩ ስሙ ተጠርቶ፣ ፈርሞ ወይም አሻራውን አኑሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በባቡሩ መሥመር በረከተ። ይህ ሰው አሽከር አይደለም። ምን እንደ ሆነ የሚናገር ሕግ ግን ገና አልነበረም።

አምስት ሺህ ያህል አንቀጽ

ከነፃነት በኋላ በጥር 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አዋቀረ። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1940ዎቹ ማለቂያ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳዊድ የፍትሐ ብሔር ሕጉን እንዲያረቅቁ ተጋበዙ። የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እሳቸው ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። ሁለቱም ሕጎች ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጁ። የፍትሐ ብሔሩ 3367 አንቀጽ አለው፤ የንግዱ 1175። በፈረንሳይኛ የተረቀቀው ወደ አማርኛ ተመልሶ ነው የወጣው።

የተርጓሚዎቹን ድካም ሳላደንቅ አላልፍም። አክሲዮን፣ ሽርክና፣ ኪሣራ፣ ያላግባብ መበልጸግ፣ እነዚህን ሁሉ በአማርኛ ማቆም ነበረባቸው። ለጊዜ ገደብ የምንሠራበት «ይርጋ» የሚለው ቃልም አለ። ውኃ ሲረጋ፣ ወተት ሲረጋ እንደምንለው፣ ነገር ከዚህ በኋላ አይናወጥ፣ ይርጋ ማለት ነው። ቃሉ ያምራል። የሚረጋበት ሰው ግን ውበቱ አይታየውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2512 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል ይደነግጋል። በዚህ ሕግ ሠራተኛው አሽከርነቱ ቀርቶ ተዋዋይ ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ሕጉ ሠራተኛውንና ባለፋብሪካውን እንደ ሁለት እኩል ነጋዴዎች ነበር የሚያያቸው። አንዱ ጉልበቱን ይሸጣል፣ ሌላው ይገዛል። እኩል አለመሆናቸውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በር ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ስለዚህም ሌላ ሕግ አስፈለገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በቁጥር 47 ሰው በሥራው መስክ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል ጠቅሶ ነበር። ነሐሴ 30 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ተተካ። በመካከሉ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመዘገበ። መስከረም 1956 ዓ.ም. ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕጉም፣ ማኅበሩም፣ ሕጉን የሚማር ተማሪም ተገኙ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ በችሎት ደጅ ከሽማግሌ ጠበቃ እግር ሥር ሙያውን ይቀስም ነበር፤ አሁን በመጽሐፍ የተማረ መጣ።

ሠራተኛው ከልመና ወደ መብት የተሸጋገረው ያን ጊዜ ነው። መብቱ ግን ጠባብ ነበር። ማኅበሩ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ሕግ እንዲሻሻል ነበር። አድማው አራት ቀን ቆየ፤ የአብዮቱም መክፈቻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ያንቀላፋው ሕግ

አብዮቱ የንግድ ጠበቃውን ከገበያ አስወጣው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ በጥር ወር 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። የግል ባለሀብት በኢንዱስትሪ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ካፒታል በ500,000 ብር ተወሰነ። የንግድ ሕጉ አልተሻረም፤ መደርደሪያ ላይ አንቀላፋ እንጂ። አክሲዮን ማኅበር በሌለበት ስለ ባለአክሲዮኖች ጉባኤ የሚደነግገው ምዕራፍ ለማን ይነበባል?

ለሠራተኛው ደግሞ በኅዳር 1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64/68 ወጣ። በቃሉ ሠራተኛውን ከፍ የሚያደርግ ነበር። አሠሪው ግን በአብዛኛው መንግሥት ሆነ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም በመንግሥት ጥላ ሥር ገባ። ከሳሹም ተከሳሹም በአንድ ጥላ ሥር ሲሆኑ ጠበቃ ብዙ ሥራ የለውም። የዚያ ዘመን ጠበቆች የነገሩኝን ባስታውስ፣ የአንዳንዶቹ ዋና እንጀራ ውርስና ፍቺ ነበር።

ሁለት ጠረጴዛ

እኔ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣሁት አዋጅ ቁጥር 42/85 በጥር 1985 ዓ.ም. ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጊዜው ያንቀላፋው ሁሉ የሚነቃበት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ተፈቀደ፤ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የሚያዛውር ኤጀንሲ ተቋቋመ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አቧራው ተራግፎ እንደገና ተነበበ። እኛም ወጣቶቹ ጠበቆች ከኛ ዕድሜ የሚበልጥ መጽሐፍ ይዘን ገበያ ወጣን።

ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ነበረኝ ብል ይቀላል። በአንደኛው ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ የመርካቶ ሰዎች ናቸው፤ በስልክ አንድ ቃል ተነጋግረው ሙሉ መኪና ዕቃ የሚለዋወጡ። ዋስትናቸው ቀን ተጽፎበት በኪስ የሚቀመጥ ቼክ ነበር፤ «እስከዚህ ቀን ካልከፈልኩህ ባንክ ውሰደው» ተባብለው። የንግድ ሕጉ ግን ቼክ በቀረበ ጊዜ ይከፈላል ይላል፤ የፊት ቀን ቢጻፍበትም ከመከፈል አያግደውም። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ያስከስሳል። በወዳጅነት የተሰጠ ወረቀት ወዳጁን ወህኒ ሲያወርድ አይቻለሁ። ሁለቱ ሰዎች ቼኩን የቃላቸው ምልክት አድርገው ነበር የሚያዩት፤ ሕጉ የሚያየው ግን ወረቀቱን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጠረጴዛ ሠራተኞች ይቀመጣሉ። እነዚህ ቼክ የላቸውም። ብዙ ጊዜ የቅጥር ደብዳቤም የላቸውም። ያላቸው የሥራ መታወቂያ ነው፤ እሱንም ሲሰናበቱ ዘበኛው በር ላይ ተቀብሏቸዋል። የግል ማኅደራቸው፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው፣ ፔሮሉ፣ ሁሉም ወረቀት በአሠሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ትልቁ ቁም ነገር ይህን ማወቁ ይመስለኛል። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስንብት ላይ ክርክር ሲነሣም ያሰናበተበትን ምክንያት የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ነጋዴ ሲከስ በጠየቀው ገንዘብ ልክ የዳኝነት ይከፍላል፤ ሠራተኛ አይከፍልም። የሥራ ክርክር ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ታዟል። በአጭሩ፣ ሕጉ የወረቀቱን ሸክም ወረቀቱን በያዘው ሰው ላይ ጫነ። ይህ መሠረት በአዋጅ ቁጥር 377/96ም፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አልተነቀለም።

ሁሉም ግን በዚህ ጥላ ሥር አልገባም። የቤት ሠራተኛዋ ከአዋጁ ውጭ ነች። የሥራ መሪውም እንዲሁ። የአንድ ድርጅት ዘበኛና ሥራ አስኪያጅ በአንድ ቀን ቢሰናበቱ ዘበኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይሟገታል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመለሳል። ቢሮዬ መጥተው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለዋወጥ ብዙ ሥራ አስኪያጆች ነበሩ።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች የሚጋጠሙበት ቀንም አለ፤ ድርጅት ሲከስር። በአዋጅ ቁጥር 97/90 መሠረት ባንክ የያዘውን የመያዣ ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደግሞ የሠራተኛው ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል። በአንድ ግቢ በር ላይ ባንኩ የሐራጅ ማስታወቂያ ይዞ፣ ሠራተኛው ያልተከፈለ ደመወዙን በብጣሽ ወረቀት አስልቶ ይቆማሉ። የንግዱን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ እዚህ ላይ ግማሽ ዓይና ነው፤ የሥራውን ብቻ የሚያውቅም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሽማግሌና ሦስት ወር

አሁን ወደ አማላጁ ልመለስ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ወደ እኔ መጣ። በአንድ ድርጅት 19 ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን ማታ ባለቤቱ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አለው። ደብዳቤ የለም፣ ምክንያትም አልተነገረው። ሰውዬው ጨዋ ነው። ወደ ፍርድ ቤት አልሮጠም፤ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ባለቤቱም አላባረራቸውም፤ ቡና አስፈልቶ «ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩን አየዋለሁ» ይላቸው ነበር። ከልቡ ይሁን አይሁን አላውቅም። በመጨረሻ «አልሆነም» ሲል ሰውዬው እኔን አገኘኝ። ከተሰናበተ አራት ወር ከ11 ቀን ሆኖታል።

ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። በ42/85 እንዲህ ነበር፤ በ377/96ም፣ በ1156/2011ም እንዲሁ ነው። ከስንብት የሚመነጭ ገንዘብ ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜው ስድስት ወር ነው። ጊዜው የሚቋረጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም ሌላው ወገን መብቱን በግልጽ ሲያምን ነው። «ነገሩን አየዋለሁ» ማለት ደግሞ ማመን አይደለም።

ሁሉም ከቀረለት በታች አልነበረም። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ለ19 ዓመት የ210 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ከሕግ ውጭ ለተደረገው ስንብት ደግሞ የ180 ቀን ካሣና የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ አለ። ይህን አስፈረድን። ገንዘቡን ተቀበለ። እሱ የፈለገው ግን ሥራውን ነበር። ፍርዱ የተነበበ ዕለት «ጌታዬ፣ ሽማግሌ መላኬ ጥፋት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥፋት አይደለም። ሽምግልና ፍርድ ቤት ሳይኖር ያኖረን ነገር ነው። ችግሩ ሁለቱ ሥርዓቶች ሰዓታቸው የተለያየ መሆኑ ነው። የሽማግሌ ሰዓት ልብ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ የሕግ ሰዓት ግን ስንብቱ ከተነገረበት ቀን ይቆጥራል። ሕግ አውጪው ጊዜውን ያሳጠረው በክፋት አይደለም። ባዶው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ከተቀጠረ ወዲያ አሮጌውን መመለስ ሌላ በደል ያስከትላልና ነገሩ ቶሎ ይርጋ ብሎ ነው። ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ ሲያነሣው እንጂ። እኔም ለአሠሪ በቆምኩበት ክርክር ይህንኑ መቃወሚያ አንሥቻለሁ። ደንበኛውን የሚጠቅም የሕግ መከላከያ እያወቀ የሚተው ጠበቃ ሙያውን አልፈጸመም። ይህ የሙያችን ደረቅ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ምክሩ ከችሎት በፊት መድረስ ያለበት።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሙያው ይበልጥ የወረቀት ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 454/97 የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. የ1952ቱን የንግድ ሕግ አብዛኛውን ክፍል የሚተካ አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ። ዛሬ ወጣት ጠበቃ የሚመዘነው የሰበር ቅጾችን በማወቁ ነው። በላ ልበልሃ የሚችል ቢመጣ ዳኛው «ወደ ጭብጡ ይግቡ» ይለዋል።

አዝናለሁን? አንደበት ብቻ ዳኛ በነበረ ጊዜ አንደበት የሌለው ሰው ይረታ ነበር። ወረቀት ያን ሰው ሊያድነው መጣ፤ ግን ወረቀት የሌለው ሌላ ድኃ ፈጠረ። ሕጉ ይህን ድኃ በብዙ ቦታ ደግፎታል፤ በቀኑ ቆጠራ ላይ ግን ብቻውን ነው።

ስለዚህ ሥራውን ያጣ ሰው ሲጠይቀኝ ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነው። የተሰናበትክበትን ቀን ጻፍ፤ ቃሉን የሰሙትን ሰዎች ስም ጻፍ፤ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ድረስ። ሽማግሌም ላክ፤ ከታረቃችሁ ክሱን ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሽማግሌው ሄዶ እስኪመለስ ግን ክስህ መዝገብ ቤት ይደር።